አዲስ ሥርዓተ ክወና መጫን ይጠቅማልን? መዝገብ ከመሣሪያ ይቀድማል



በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሥራ ስንዘዋወር በዚህ ዓመት ደጋግሞ የቀረበልን አንድ ጥያቄ አለ። «ዊንዶውስ 10 ጊዜው አበቃ ይባላል፤ አዲሱን እናስጭን? አዲስ ኮምፒውተር እንግዛ? ወይስ ባለው እንቀጥል?» የሚል ነው። ጥያቄው የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሚወጣው ገንዘብ ምእመናን ገብሳቸውንና ድንቻቸውን ሸጠው ያዋጡት ነው፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠውም የደብሩ መዝገብ ነው። ስለዚህ ጉባኤው ራሱ ተወያይቶ ሊወስነው ይገባል። ይህ ትምህርት ለዚያ ውይይት እንዲረዳ ተዘጋጅቷል።

1. በአንድ አጥቢያ የሆነው

ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የገጠር ደብር አለ። የደብሩ ጸሐፊ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የክርስትና መዝገቡንና የአባላቱን ዝርዝር በኮምፒውተር ሲጽፍ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ እየዘገየ ስላስቸገረ ጉባኤው ገንዘብ ፈቅዶ ወደ ከተማ ላከው። በጥገና ቤትም ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ተጫነበት። ሲመለስ በእርግጥ ፈጣን ነበር፤ ጉባኤውም ተደሰተ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የክርስትና ማስረጃ እንዲጻፍላት ጠየቀች። ጸሐፊው ፋይሉን ፈለገ፤ በኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። በአንድ ፍላሽ ላይ የቀረ አሮጌ ቅጂ ተገኘ፤ ሲከፈት ግን በአማርኛ ፊደል ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ታየ። የልጁ ስም የተገኘው አንድ አረጋዊ መሪጌታ እንደ ልማዳቸው በወረቀቱ መዝገብ ላይ በእጃቸው መጻፋቸውን ስላላቋረጡ ነው። እርሳቸው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ግን የወረቀት መዝገብ አልተጻፈም። የእነዚያን ዓመታት ሕፃናት ስም ለማግኘት ካህናቱ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ወላጆችንና የክርስትና አባቶችንና እናቶችን መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ሁሉንም ማግኘት አልቻሉም።

እዚህ ላይ የጎደለው ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። አዲሱ ሥርዓተ ክወና በራሱ ጉዳት አላመጣም። ጉዳቱ የመጣው መሣሪያው ከመዝገቡ በፊት ስለ ታሰበ ነው።

2. «ጊዜው አበቃ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሥርዓተ ክወና ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣ፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች፣ ማተሚያውን፣ ፍላሹንና ፋይሎቹን ሁሉ የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። በደብር አነጋገር ቁልፉ ሁሉ በእጁ ያለ የዕቃ ቤት ኃላፊ ማለት ነው። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ ነው።

ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዱ እትም የአገልግሎት ዘመን ይወስናል። የዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አበቃ። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘመኑን ፈጸመ። እርሱን የተካው ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣ ነው።

ዘመኑ የተፈጸመበት ኮምፒውተር ሥራ አያቆምም። በማግሥቱም ይነሣል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያትማል። የሚቀረው ማይክሮሶፍት በየፈረንጁ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ የሚያወጣው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ቀዳዳውን የሚደፍነው ይህ ማሻሻያ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ለተራው ዊንዶውስ 10 አይመጣም። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ የአንድ ዓመት ማሻሻያ ተፈቅዷል፤ ይህም በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት መለያ ጋር በማመሳሰል ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የእፎይታ ጊዜ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

የማሻሻያው ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ዓለም በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. አይቷል። «ዋናክራይ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዚያ ቀን ተነሥቶ 150 በሚሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር። ከተጠቁት የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ነበሩ። ዊንዶውስ 7 በዚያን ጊዜ ዘመኑ ገና አልተፈጸመም፤ ባለቤቶቹ ማሻሻያውን አልጫኑም እንጂ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር ማሻሻያ በማያገኝ ሥርዓት ላይ መቆየቱ አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ አዲስ ሥርዓት አስጭኖ ማሻሻያውን ለዓመት የማይከታተል ደብር ገንዘቡን አውጥቶ ጥበቃውን አላገኘም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ አዲሱም አሮጌውም እኩል ያለ ማሻሻያ ቆይተዋል።

3. የፊደላችን ጉዳይ

በደብሩ ፍላሽ ላይ ያለው ጽሑፍ ለምን ወደ ላቲን ተለወጠ? ይህ በብዙ አጥቢያዎች የተደበቀ ችግር ስለ ሆነ ረጋ ብለን እንመልከተው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በቀድሞው ዘመን ለግእዝ ፊደል የተሰጠ ዓለም አቀፍ ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ ቪዥዋል ግእዝን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ቁጥር ተውሰው በዚያ ቁጥር ላይ የአማርኛውን ቅርጽ አኖሩ። ይህ ጥበብ ብዙ አገልግሏል፤ መምህራንና ጸሐፊዎች በእርሱ ነው የጻፉት። ነገር ግን ያ የፊደል ፋይል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ቁጥሩን እንደ ላቲን ብቻ ያነበዋል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ቁልፍ ግን ጠፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የራሱን ቋሚ ቁጥር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በዩኒኮድ 4.1 የዜማ ምልክቶቻችን፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ ቁጥር ተሰጣቸው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባ በሚገኙበት አገር ላለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ይዞ መጣ። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል። ቢሆንም በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ኒያላ ባይኖርም በሌላ የግእዝ ፊደል ይነበባል፤ የሚለወጠው መልኩ ብቻ ነው። በአሮጌው መንገድ የተጻፈው ግን ያለ ፊደሉ አይነበብም።

እንግዲህ በየደብሩ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር የቀድሞዎቹን ጽሑፎች ማንበቢያ ብቸኛ ቁልፍ የያዘ ሊሆን ይችላል። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ይህን ማወቅ ግዴታ ነው።

አባቶቻችን ብራናው ሲያረጅ ቁም ጸሐፊ አስቀምጠው በአዲስ ብራና ያስገለብጡ ነበር፤ አሮጌውን ግን አዲሱ ተነብቦ ከመጽሐፉ ጋር ሳይመሳከር አይጥሉትም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በፊልም አንሥቷል። ያ ፊልም ራሱ በጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ዲጂታል እየተገለበጠ ነው። መሣሪያ ሁሉ ያልፋል። መዝገቡን የሚያቆየው በጊዜው መገልበጡ ነው።

4. ጉባኤው ራሱን የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች

ሀ. በውስጡ ምን አለ? የክርስትና፣ የጋብቻና የአባላት መዝገብ፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የቦታ ይዞታ ደብዳቤዎች፣ የፕሮጀክት ሪፖርቶች በዝርዝር ይጻፉ። እያንዳንዱ በየትኛው ፊደል እንደ ተጻፈና ሌላ ቅጂ እንዳለው ይታይ።

ለ. ከማን ጋር ይገናኛል? ኢሜይል ይቀበላል? ባንክ ነክ ሥራ ይሠራበታል? ከየቦታው የሚመጣ ፍላሽ ይሰካበታል? ኢንተርኔት የማይነካ ኮምፒውተርም ቢሆን በፍላሽ ቫይረስ ይደርስበታል።

ሐ. አዲሱን መሸከም ይችላል? ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ማከማቻና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአመዛኙ 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉት ይቀበሉታል፤ እነዚህም ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ይችል አይችል እንደ ሆነ ይናገራል። አንዳንድ የጥገና ባለሙያዎች መስፈርቱን በጎን አልፈው ይጭኑታል፤ ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ግን ማይክሮሶፍት ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

መ. ማን ይጠብቀዋል? በየወሩ ማሻሻያውን የሚያወርድ ሰው፣ ለኢንተርኔት የሚሆን በጀት፣ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ብቻውን ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ አጥቢያ ይህ ወጪ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ ከመድፉ ይልቅ ወራት የፈጀው መንገዱን መጥረጉ ነበር። መሣሪያ ሲመጣ መንገዱም አብሮ መታሰብ አለበት።

5. ከመልሶቹ የሚከተሉ ውሳኔዎች

ደብዳቤ ለመጻፍና ለማተም ብቻ የሚያገለግል፣ ኢንተርኔት የማይገናኝ ኮምፒውተር፦ ባለበት ይቆይ። ገንዘብ አይውጣበት። ለእርሱ ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ ይመደብለት፤ የውጭ ፍላሽ አይሰካበት። ዝግታው ካስቸገረ አሮጌውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥና ራም መጨመር አዲስ ሥርዓት ከመጫን ይልቅ ይረዳዋል።

ኢሜይል፣ ባንክ ነክ ሥራና ሪፖርት የሚሠራበት፣ መስፈርቱንም የሚያሟላ ኮምፒውተር፦ ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገር። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው መሻገሩ ያለ ክፍያ ነው። እንደ ፒችትሪ ያለ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ወይም አሮጌ ማተሚያ ካለ ግን በአዲሱ ላይ መሥራቱ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ኢንተርኔት የሚገናኝ፣ መስፈርቱን ግን የማያሟላ ኮምፒውተር፦ ለዚህ ሦስት መንገድ አለ። የኢንተርኔቱን ሥራ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት አዛውሮ እርሱን ለጽሕፈት ማስቀረት አንዱ ነው። የአንዱን ዓመት እፎይታ ተጠቅሞ በቀጣዩ በጀት መግዣ መያዝ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሥርዓተ ክወና መጫን ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ አማርኛ ይጽፋል፣ ሊብሬ ኦፊስ የተባለ ነፃ የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራምም አለው። ነገር ግን ለዊንዶውስ የተሠሩት ፒችትሪና የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች በቀጥታ አይሠሩበትም፤ የሚያውቀው ሰው በቅርብ ከሌለም ጸሐፊው ይቸገራል።

ወዲያው አዲስ ኮምፒውተር መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ተከትሏል። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የተነገረው ትምህርት ለዚህም ይሠራል።

6. ከመጫን በፊት የሚፈጸም ሥርዓት

አንደኛ፣ የመዝገቡ ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በውጭ ሀርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ በደብሩ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ከደብሩ ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳ ቤተ ክህነት። በአንድ ቤት ያለ ሁሉ በአንድ እሳት ይጠፋልና።

ሁለተኛ፣ በአሮጌ ፊደል የተጻፈው ሁሉ አሮጌው ኮምፒውተር ገና ሲያነበው በፒዲኤፍ ይቀመጥ፤ ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ ወይም ዳግም ይጻፍ። የፊደሎቹ ፋይሎችም ለብቻቸው ይገልበጡ።

ሦስተኛ፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይነበብ። ያልተነበበ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ይህ ሳይፈጸም «ፎርማት» የሚለው ቃል አይነሣ።

አራተኛ፣ ጊዜው ይመረጥ። ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ፣ ወይም በዓለ ንግሥ በቀረበበት ሳምንት አይጀመር። በጉና ተራራ ዙሪያ ክረምቱ እንዴት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ሲጫን መብራት ቢጠፋ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ ኮምፒውተሩ ላይነሣ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሞላ፤ ካልሆነ የመጠባበቂያ ኃይል ባለበት ይሠራ።

አምስተኛ፣ የወረቀቱ መዝገብ አይቋረጥ። የመሪጌታው እጅ ያቆየውን አንርሳ።

7. ስለ ፈቃድ አልባው ቅጂ

ይህን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በአገራችን ካሉት ዊንዶውሶች ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ የተጫኑ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤቶችም ይገኛሉ። ሰንበሩን ለመስበር የሚጫነው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ራሱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ከዚህ በላይ ግን የሌላውን ድካም ሳይከፍሉ መውሰድ እኛ በዐውደ ምሕረት ከምናስተምረው ጋር አይስማማም። አቅም ለሌለው አጥቢያ ነፃ የሆነውን በነፃነት መጠቀም የሚከፈልበትን ሰርቆ ከመጠቀም ይሻላል። ኮምፒውተር በስጦታ የሚቀበል ጉባኤም ፈቃዱ አብሮ መሰጠቱን ይጠይቅ።

ማጠቃለያ

አዲስ ሥርዓተ ክወና መጫን ይጠቅማልን? ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኝና አዲሱን መሸከም ለሚችል ኮምፒውተር፣ በየወሩ የሚከታተለው ሰው ካለው፣ አዎን ይጠቅማል። ለሌላው ግን መቆየት ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ ስንፍና አይደለም። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ መዝገቡን መገልበጥ፣ ማንበብና በተለያየ ስፍራ ማኖር። ይህ ሥራ ከጥቂት ፍላሽና ከጥቂት ቀናት ትጋት በቀር ወጪ የለውም። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ያልቻለ ደብርም ይህን ዛሬ ሊጀምር ይችላል። ያቺ እናት ወደ ደብራችን ስትመጣ የምትጠይቀን የልጇን ስም ነው።

ለጉባኤው የመወያያ ጥያቄዎች

1. በደብራችን ኮምፒውተር ውስጥ ያሉት መዝገቦች የትኞቹ ናቸው? የወረቀት ቅጂ የሌላቸውስ?

2. ኮምፒውተሩ ዛሬ ማታ ቢበላሽ ከየት ጀምረን እንመልሳለን? ቅጂው በእነማን እጅ ነው?

3. በአሮጌ ፊደል የተጻፉ ጽሑፎች አሉን? ወደ ዩኒኮድ የሚለውጣቸው ማን ነው? እስከ መቼ?

4. ከላይ ከተዘረዘሩት ውሳኔዎች ለእኛ የሚስማማው የትኛው ነው? ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧልን?